ከማን ጋር ተጫወታችሁ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ኳስ ነው፤ ስለ አርሴናል ግን አይደለም። ኮሎራዶ ያለን አበሾች ቅዳሜ ሳይነጋ ተነስተን ለንደን ለሚጫወት ቡድን ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንጮሃለን። እኔ ከምኖርበት ከኦሪጅናል ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ተነስቶ መንገዱ ካልተጨናነቀ በግማሽ ሰዓት በሚደረስበት ሜዳ ላይ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለአሜሪካ ኮሌጆች ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን አለ። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን ነው፤ ፓዮኒርስ ይባላል። ስንቶቻችን አይተነዋል?

አሁን የጻፍኩበት ምክንያት አለኝ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ሰሚት ሊግን ለቆ ዌስት ኮስት ኮንፈረንስ ወደሚባለው እንደሚገባ አስታውቋል። ስለዚህ በ2025 ነሐሴ መጨረሻ የተጀመረው የውድድር ዘመን በሰሚት ሊግ የመጨረሻው ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት የተጫወቱበትን ቤት ይለቃሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንፈረንስ ምን እንደሆነ ላልገባው ላስረዳ፤ እኔም ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። የአሜሪካ ኮሌጅ ኳስ እንደ እኛ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ሰንጠረዥ የለውም። በአንደኛው ዲቪዚዮን ከ200 በላይ የወንዶች ቡድኖች አሉ፤ አገሩም ሰፊ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ ስምንትም አሥርም እየሆኑ ይቧደናሉ። መውጣትና መውረድ የለም። ብትሸነፍ አትወርድም፣ ብታሸንፍ አትወጣም። መግቢያው ግብዣ፣ መውጫው ደብዳቤ ነው። ነገሩን ከእኛ ነገር ጋር ላነጻጽረው ብል ከሊግ ይልቅ ለዕድር ይቀርባል። አባል ሆነህ ትገባለህ፣ ደንቡን ትፈርማለህ፣ መዋጮህን ታወጣለህ፣ የተሻለ ዕድር ሲጠራህ ደግሞ ሰዎቹን ተሰናብተህ ትሄዳለህ። ጎረቤቶችህ ቅር ይላቸዋል።

ማን ከማን ጋር ይጫወታል የሚለው ጥያቄ ለእኛም ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1944 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሳተፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ያኔ ሊግ ማለት ከተማው ውስጥ የተገኘው ሰው ሁሉ ማለት ነበር። የሰሚት ሊግም አፈጣጠር ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ በ1982 የመካከለኛው አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያቋቋሙት ማኅበር ነበር፤ አባላቱ በየጊዜው ገቡ ወጡ፣ በ2007 ደግሞ ስሙን ቀይሮ ሰሚት ተባለ። ሰሚት ማለት የተራራ ጫፍ ነው። እንግዲህ አባላቱን ቁጠሯቸው፦ ኦማሃ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ቱልሳ ያለው ኦራል ሮበርትስ፣ ሚኒሶታ ያለው ሴንት ቶማስ። አገሩ ሁሉ እንደ ጤፍ ማሳ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱም ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ነው። በመስኮቱ ተራራ የሚያየው ዴንቨር ብቻ ነበር።

ርቀቱን ደግሞ እንደ ሾፌር ልንገራችሁ። ከዴንቨር ኦማሃ 540 ማይል ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ከሚያስኬደው ይበልጣል። ካንሳስ ሲቲ 600 ማይል ነው። ቱልሳ ከዚያም ይርቃል። ይህ ሁሉ «የሰፈር» ጨዋታ ነው። ልጆቹ ደግሞ ተማሪዎች ናቸው፤ ሰኞ ፈተና አለባቸው።

የውድድር ዘመኑ አጭር ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ከሌላ ኮንፈረንስ ቡድኖች ጋር፣ ከዚያ እርስ በርስ። ኅዳር ላይ የኮንፈረንሱ ጥሎ ማለፍ ይመጣል፤ ያን ያሸነፈ በቀጥታ 48 ቡድኖች ወደሚሳተፉበት አገር አቀፍ ውድድር ይገባል። ከ48ቱ ግማሽ ገደማው በዚህ መንገድ የገቡ ናቸው። የቀሩትን ኮሚቴ ቁጭ ብሎ ይመርጣቸዋል። ትልቅ ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ቡድን ኅዳር ላይ ቢሸነፍ ኮሚቴው ያነሳዋል። ትንሽ ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ቡድን ግን ሁለት ወር ሙሉ አሸንፎ፣ በአንዲት ቀዝቃዛ ምሽት በመለያ ምት ከወጣ፣ የኮሚቴውን ፊት ማየት ነው።

ኮሚቴው ለረጅም ዓመታት ሲመዝንበት የኖረው ቀመር አር ፒ አይ ይባላል። መሐንዲስ ነበርኩና ቀመር ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። መሠረቱ እንዲህ ነው፦ 25 በመቶው ያንተ የማሸነፍ መጠን ነው። 50 በመቶው የተጋጣሚዎችህ የማሸነፍ መጠን ነው። የቀረው 25 በመቶ ደግሞ የተጋጣሚዎችህ ተጋጣሚዎች ነው። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ቡድን ሁሉንም ጨዋታ አሸነፈ እንበል፤ ተጋጣሚዎቹ ግን 45 በመቶ ብቻ ነው የሚያሸንፉት፣ የእነሱ ተጋጣሚዎች 50 በመቶ። ውጤቱ 0.250 ሲደመር 0.225 ሲደመር 0.125፤ ድምሩ 0.600። ሌላው ቡድን ከአሥር ጨዋታ አራቱን ተሸነፈ፤ ተጋጣሚዎቹ ግን 65 በመቶ ያሸንፋሉ፣ የእነሱ ተጋጣሚዎች 55 በመቶ። 0.150፣ 0.325፣ 0.1375፤ ድምሩ 0.6125። አራት የተሸነፈው ምንም ካልተሸነፈው በለጠ! ከመቶው ሰባ አምስቱ አንተ ሜዳ ላይ ባደረግከው ነገር አይወሰንም ማለት ነው።

ቀመሩ ሞኝነት አይደለም፤ ደካማ እየመረጠ የሚያሸንፍን ቡድን መለየት ያስፈልጋል። ግን መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። እዚህ አገር እንደመጣሁ የምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰውዬው ውጤቴን አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ የት እንደተማርኩ ነው።

ወደ ዴንቨር ልመለስ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከከተማዋ ብዙም አያንስም፤ የተመሠረተው በ1864 ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑን ከ1960 የውድድር ዘመን በኋላ ዘግቶታል። በዚህች አገር ፉትቦል የሌለው ትምህርት ቤት ያን ያህል የቴሌቪዥን ገንዘብ አያገኝም፤ ስለዚህ ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች አይፈልጉትም። የበረዶ ሆኪው ሌላ ነገር ነው፤ እስከ 2024 ድረስ 10 ጊዜ አገር አቀፍ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ከማንም ይበልጣል። ሆኪው በሌላ ኮንፈረንስ፣ ላክሮሱ በሌላ ኮንፈረንስ፣ ኳሱ ደግሞ እስከ 2025 የውድድር ዘመን በሰሚት ነበር። አንድ ቤተሰብ ሦስት ዕድር እንደማለት ነው። ኳሱ ሰሚት ሊግ የገባው በ2013 ነው።

የዚያን ጊዜ አሰልጣኙ ቦቢ ሙስ ነበር። ከ2007 ጀምሮ ቡድኑን የገነባው እሱ ነው። ከ2014 የውድድር ዘመን በኋላ በኖርዝ ካሮላይና ያለው ዌክ ፎረስት ወሰደው፤ ዌክ ፎረስት ያለበት ኮንፈረንስ በኮሌጅ ኳስ ከትልልቆቹ ሁሉ ትልቁ ነው። በቦታው የተተካው ረዳቱ የነበረው ጄሚ ፍራንክስ ነው። ፍራንክስ ደግሞ በተጫዋችነቱ የዌክ ፎረስት ልጅ ነበር፤ በ2007 እዚያ ዋንጫ አንስቷል። እንግዲህ መምህሩ ወደ ደቀ መዝሙሩ አገር ሄደ፣ ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ቤት ወረሰ።

በ2016 ዴንቨር አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ 20 ድል፣ 3 አቻ። በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር። ቦታው ሂዩስተን። ተጋጣሚው ማን ሆነ? የቦቢ ሙስ ዌክ ፎረስት! ዴንቨር 2 ለ 1 ተሸነፈ። ከተሸናፊዎቹ ልጆች መካከል ሙስ ራሱ መልምሎ ያመጣቸው ነበሩ። ዌክ ፎረስትም አልተጠቀመበትም፤ ፍጻሜውን በስታንፎርድ በመለያ ምት ተነጠቀ። እኔ ዳኛ ብሆን ኖሮ ያን ግማሽ ፍጻሜ ዕጣ ሳወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የብራዚላዊው የአንድሬ ሺንያሺኪ ተራ ደረሰ። በ2018 ለዴንቨር 28 ጎል አገባ፤ በዚያ ዓመት በአንደኛው ዲቪዚዮን ያን ያህል ያገባ አልነበረም። «ጎሉን ያገባው በማን ላይ ነው?» ያሉ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ኮሎራዶ ራፒድስ ወሰደው፤ በ2019 የኤም ኤል ኤስ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። ከዚያ በኋላ በማን ላይ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

ጥያቄው ለቡድን ብቻ አይደለም የሚቀርበው፤ ለሰውም ቀርቧል። ዋሽንግተን ዲሲ የኖራችሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ታውቁታላችሁ። በ1971 ሃዋርድ፣ በትሪኒዳዳዊው አሰልጣኝ በሊንከን ፊሊፕስ እየተመራ፣ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ በመጡ ተማሪዎች ሴንት ልዊስን 3 ለ 2 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሴንት ልዊስ የዚያ ዘመን ንጉሥ ነበር። የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በአንደኛው ዲቪዚዮን ዋንጫ ሲያነሳ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ የውድድሩ ባለቤት ኤን ሲ ደብል ኤ የተጫዋቾቹን ወረቀት መመርመር ጀመረ፤ ዋንጫውንም ነጠቀ። ከተጠቀሱት ደንቦች አንዱ የውጭ አገር ተማሪ በአገሩ የተጫወተበትን ጊዜ እየቆጠረ ከዕድሉ የሚቀንስ ነበር። ሃዋርድ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ያን የውጭ ተማሪዎች ደንብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው አለ፤ በሌሎቹ ደንቦች ግን ለኤን ሲ ደብል ኤ ፈረደ። ዋንጫው አልተመለሰም።

በ1974 ሃዋርድ ተመልሶ መጣ። 19 ጨዋታ፣ 19 ድል። ፍጻሜው ሴንት ልዊስ ከተማ ውስጥ፣ ከራሱ ከሴንት ልዊስ ጋር ነበር። አራት ተጨማሪ ጊዜ ወሰደ፤ 2 ለ 1። እሱን ዋንጫ ማንም አልነካውም። ዴንቨር አሁን ወደሚገባበት ኮንፈረንስ ስትመጡ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲን ታገኛላችሁ። በ1966፣ በ1975፣ በ1976ና በ1980 ሻምፒዮን ነው፤ የ1978ቱን አሸንፎ በተጫዋች ወረቀት ተነጥቋል። በዚያ ዘመን ብዙ ናይጄሪያውያን ተጫውተውለታል።

2024ን ሳላነሳ አላልፍም፤ አሁንም ያንገበግበኛል። ዴንቨር እንደገና ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ ኬሪ፣ ኖርዝ ካሮላይና። አራቱን ቡድኖች ተመልከቱ፦ ኦሃዮ ስቴት፣ ማርሻል፣ ቨርሞንት፣ ዴንቨር። ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች የመጣው ኦሃዮ ስቴት ብቻ ነው። ከትልልቆቹ ውጭ ያሉ ሦስት ቤቶች እዚያ ቆመዋል። ዴንቨርና ቨርሞንት 1 ለ 1 ተለያዩ፤ በመለያ ምት ቨርሞንት 4 ለ 3 አለፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ቨርሞንት ማርሻልን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከትንሿ ጠቅላይ ግዛት፣ ከትንሽ ኮንፈረንስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሆኜ በስልክ ነበር የተከታተልኩት። ዴንቨርን የጣለ ቡድን ስለሆነ መርገም ነበረብኝ፤ ግን ለቨርሞንት እጄን አጨበጨብኩ፤ ከፊቴ ያለው ታክሲ ሾፌር በመስታወቱ አየኝ።

እንግዲህ ዴንቨር ለምን ይሄዳል? ተጋጣሚዎቹ ሲጠነክሩ ያ ሰባ አምስት በመቶ ከፍ ይላል። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፖርትላንድ፣ ሳንታ ክላራ፣ ሳን ዲዬጎ፤ እነዚህ ኳስ ያላቸው ቤቶች ናቸው። አልፈርድባቸውም። ግን አዲሱም ቤት ጣሪያው እየፈሰሰ ነው፤ ጎንዛጋ በዚያው በ2026 ለቆ ወደ ፓክ 12 ይሄዳል። ፓክ 12 ራሱ በ2024 ከአሥራ ሁለት አባላቱ አሥሩ ጥለውት የሄዱ ናቸው። ስታንፎርድና በርክሌይ ዛሬ የአትላንቲክ ኮንፈረንስ አባል ናቸው፤ ከፓስፊክ ዳር! ካርታ የሚያነብ ሰው የሌለበት አገር ይመስላል። ከዴንቨር ሳን ፍራንሲስኮም ቢሆን ከኦማሃ በእጥፍ ይርቃል፤ በአውቶቡስ የሚሄድ ደጋፊ አይኖርም።

እኔ የምሰስተው ለኦማሃ ነው። ኦማሃ የወንዶች ኳስ ቡድን ካቋቋመ ገና በ2011 ነው፤ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ዴንቨርን የሚያስፈራ ቡድን ሆነ። ኦማሃ ሲመጣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ሳይበር ፊልድ ሌላ ድምፅ አለው፤ የማያውቁኝ ሽማግሌ ፈረንጆች ትከሻዬን ይዘው ይዘላሉ። ከ2025 የውድድር ዘመን በኋላ በአንድ ሰንጠረዥ አይገናኙም። የዘንድሮው መርሐ ግብር ሲወጣ መጀመሪያ የማየው የእሱን ቀን ነው። ያን ምሽት ታክሲዬን አቆማለሁ። ከኮልፋክስ አብሮኝ የሚሄድ ካለ ከታች ይጻፍልኝ፤ አራት ሰው እይዛለሁ፣ ሂሳብ የለም። ጃኬት ያዙ፣ ማታ ይበርዳል።