«የግንኙነት ውል»፦ ብሉቱዝ ማዳመጫ ጥሪ ላይ ድምፁ ለምን ይቀየራል?

ብሉቱዝ ማዳመጫ የሚጠቀም ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይህ ይገጥመዋል። መዝሙር ሲያዳምጥ ጸናጽሉ ጥርት ብሎ፣ ከበሮው ወፈር ብሎ፣ ግራና ቀኙ ተለይቶ ይሰማዋል። ከዚያ መዝሙሩን ሳይዘጋ በዚያው ማዳመጫ ኮምፒውተሩ ላይ ስብሰባ ይገባል። መዝሙሩ ባንዴ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ጸናጽሉ የለም፤ ግራና ቀኝም የለም። ሰውየው «ፎርጅድ ነው የሸጥክልኝ» ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ሻጩ ሙዚቃ ከፍቶ ያሰማውና «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ይለዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ነገሩ ያለው ባለሙያዎች «ብሉቱዝ ፕሮፋይል» በሚሉት ላይ ነው። ፕሮፋይል ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የፌስቡክ ፎቶ ነው። ስልኮች ላይም ቃሉ «መገለጫ» ተብሎ ተተርጉሟል። እዚህ ግን ማንንም አይገልጽም። ሁለት ዕቃዎች አንድን ሥራ አብረው ሲሠሩ ምን፣ በምን መልክ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚላላኩ አስቀድሞ የተወሰነበት ደንብ ነው። ስለዚህ «የግንኙነት ውል» እንበለው፤ ሲያጥር «ውል»። («የሥራ ውል» ቢባልም ያስኬድ ነበር፤ ደመወዙስ የሚል ግን አይጠፋም።)

ስልክና ማዳመጫ መጀመሪያ ሲተዋወቁ የትኞቹን ውሎች እንደሚያውቁ ይጠያየቃሉ። ለእኛ ጉዳይ ሁለቱ ይበቃሉ። የሙዚቃው ውል ኤ ቱ ዲ ፒ ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚህ ውል ድምፅ የሚሄደው ከስልክ ወደ ጆሮ ብቻ ነው፤ ማይክሮፎን ቦታ የለውም። በምትኩ ስቴሪዮው ሙሉ ነው፤ ሁሉም ማዳመጫ የግድ ሊያውቀው በሚገባው ኤስ ቢ ሲ በተባለው የድምፅ ማመቂያ እንኳ በሰከንድ 328 ኪሎ ቢት ሊላክ ይችላል። የጥሪው ውል ደግሞ ኤች ኤፍ ፒ ነው፤ መኪና የሚነዳ ሰው ስልኩን ሳይነካ እንዲያወራ ታስቦ የተሠራ። ድምፅ ይሄዳል፣ ይመጣል። ነገር ግን በነባሩ አሠራር ለአንድ አቅጣጫ የተመደበው 64 ኪሎ ቢት ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ የሚባል ነገርም የለም። ስብሰባው የማዳመጫውን ማይክሮፎን ሲጠራ ግንኙነቱ ከሙዚቃው ውል ወደ ጥሪው ውል ይዛወራል፤ መዝሙሩም በዚያው ጠባብ መንገድ ይሄዳል።

ለምን እንዲህ ሰሰተ? ሙዚቃ ቢዘገይ ግድ የለውም። ማዳመጫው ከፊት ለፊት ያለውን ትንሽ ትንሽ እያጠራቀመ ያጫውታል፤ መንገድ ላይ የጠፋ ቁራጭ ካለ ስልኩ ደግሞ ይልክለታል። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ቢዘገይ ሰሚው አያውቀውም፤ ቪዲዮ ሲያይ ብቻ አንዳንዴ ከንፈርና ድምፅ አልገጥም ይሉታል። ወሬ ግን እንዲህ አይሆንም። «አቤት» የሚለው ቃል ዘግይቶ ከደረሰ ሁለት ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ እያወሩ መናደድ ይጀምራሉ። ስለዚህ የጥሪው ውል ለድምፅ ቋሚ ተራ ያስይዛል፤ የጠፋውን ለመተካትም ብዙ አይጠብቅም። ለወሬ ከጥራት ፍጥነት ይሻላል፤ በዚህ እኔም እስማማለሁ። የማልስማማው አምራቾቹ ማሸጊያው ላይ «ልዩ የድምፅ ጥራት» ብለው ስለ ሙዚቃው ብቻ እየተናገሩ፣ ስለ ጥሪው ዝም ማለታቸው ላይ ነው።

የጠፋው ምን እንደሆነ ጆሮ በቀላሉ ይይዘዋል። ነባሩ የጥሪ ውል ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ነው የሚለካው። እንዲህ ሲለካ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቀራል። የ«ሰ» ፉጨት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ «ሠራ» ያልከው «ፈራ» ተብሎ ይሰማል፤ ስም በስልክ የሚያስመዘግብ ሰው ፊደሉን እየደጋገመ የሚጮኸው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተሻሻለው የውሉ እትም ልኬቱን በእጥፍ፣ ወደ 16,000 አሳድጎታል። ግን ሁለቱም ዕቃዎች ሊያውቁት ይገባል፤ አንዱ ካላወቀው ሁለቱም ወደ ድሮው ይመለሳሉ። በተራ የስልክ መስመር ሲደወል ደግሞ መስመሩ ራሱ ድምፁን አጥብቦት ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ማዳመጫው ምንም አይጨምርም።

ውሎቹን በዓይን ማየትም ይቻላል። አንድሮይድ ስልክ ላይ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ከማዳመጫው ስም አጠገብ ያለችውን የጥርስ ማርሽ ምልክት ሲነኩ አንዱ ለጥሪ፣ አንዱ ለሙዚቃና ለቪዲዮ የሆኑ ማብሪያዎች ይወጣሉ። «ዘፈን ይሰማኛል፣ ሲደወል ግን በስልኩ ነው የማወራው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የጥሪው ማብሪያ ጠፍቶበት ነው። ማዳመጫውን ከመመለሱ በፊት እሷን ይይ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ኤል ኢ ኦዲዮ የተባለው አዲስ አሠራር ይህን ድንበር ለማፍረስ የመጣ ነው። ኤል ሲ ስሪ የተባለ ማመቂያ ይዟል፤ በትንሽ ቢት የተሻለ ድምፅ ያስተላልፋል፣ ማይክሮፎኑ ተከፍቶም ጥራቱን ማቆየት ይችላል። እዚህም ስልኩም ማዳመጫውም ካልደገፉት ጥቅም የለውም። ማዳመጫ የሚገዛ ሰው ስለ ስልኩም ይጠይቅ።

በአሮጌው ዕቃ ለሚሰበሰብ ሰው ግን ዛሬውኑ የሚሠራ መላ አለ። ዊንዶውስ 10 ያለው ኮምፒውተር አንዱን ማዳመጫ ሁለት አድርጎ ያሳያል፤ አንዱ ስሙ ላይ «ስቴሪዮ»፣ ሌላው «ሃንድስ ፍሪ» የሚል አለበት። ለመስሚያ ስቴሪዮውን፣ ለመናገሪያ የኮምፒውተሩን የራሱን ማይክሮፎን መምረጥ ነው። የማዳመጫው ማይክሮፎን ካልተጠራ የጥሪው ውል አይነሳም፤ ድምፁም እንደጠራ ይቆያል። ችግሩ የኮምፒውተር ማይክሮፎን ሙቀጫውንም፣ በር ላይ የሚጮኸውንም ልጅ እኩል መልቀሙ ነው። ቤቱ ጫጫታ ከሆነ በቆርቆሮው ድምፅ መሰብሰብ ይሻላል።