ስፌቱ የማንቹ፣ ጥልፉ የቻይና

የቺንግ ሥርወ መንግሥትን ካባ የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በወርቅ ክር በተጠለፉት ዘንዶዎች ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ እጅጌውን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። እጅጌው ጠባብ ነው፤ ጫፉ በፈረስ ሰኮና ቅርጽ ሰፍቶ የእጅን ጀርባ ይሸፍናል። ታችኛው ክፍል ከፊትና ከኋላ ተሰንጥቋል። ኮርቻ ላይ የሚውል፣ በብርድ ልጓም የሚጨብጥ ሰው ልብስ ነው።

የቺንግ መሥራቾች ማንቹዎች ቤጂንግን የያዙት በ1644 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገዢያቸው ሆንግ ታይጂ ግን ገና በ1636 መሳፍንቱን ሰብስቦ፣ የቻይናን ሰፊ እጅጌ የለበሰ ፈረሰኛ ቀስት መሳብ እንደሚያቅተው አስጠንቅቆ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ስጋቱ አልበረደም። ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ በ1759 ባዘጋጀው የአልባሳትና የሥርዓት ዕቃዎች ደንብ መቅድም ላይ፣ ተተኪዎቹ የማንቹን ልብስ እንዳይለውጡ አደራ አለ። በዚያው ደንብ ግን ከጥንት የቻይና ነገሥታት የወረዱትን 12 ምልክቶች በራሱ ካባ ላይ አስጠለፈ፤ ፀሐይና ጨረቃ በትከሻ፣ ከዚያም ከዋክብት፣ ተራራ፣ እሳት፣ እህል፣ መጥረቢያና ሌሎችም። ድል አድራጊው የራሱን ስፌት ሳይለቅ የተሸናፊውን ሰማይ ለበሰ። ከዚህ የበለጠ ብልህ ፖለቲካ በጨርቅ ላይ የተሠራ አይመስለኝም።

የንጉሠ ነገሥቱ ቢጫ ካባ 9 ዘንዶዎች አሉት። በደረትና በጀርባ አንድ አንድ፣ በትከሻዎቹ ሁለት፣ በታች ከፊት ሁለት ከኋላ ሁለት፤ ስምንት ሆኑ። ዘጠነኛው በፊት ለፊቱ መደራረቢያ ሥር ተሸሽጓል። ትከሻዎቹ ላይ ያሉት ከሁለቱም ወገን ስለሚታዩ፣ ከፊትም ከኋላም የቆመ ሰው የሚቆጥረው አምስት ነው። ዘጠኝና አምስት ደግሞ በቻይናውያን ዘንድ የንጉሠ ነገሥት ቁጥሮች ናቸው። የተደበቀውን ዘንዶ አስተካክሎ የሚያውቀው እንግዲህ አልባሹ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሹማምንቱ ማዕረጋቸውን በደረታቸው ላይ በተሰፋ አራት ማዕዘን ጥልፍ ያሳዩ ነበር። ልማዱ ከቺንግ በፊት ከነበረው ከሚንግ ዘመን፣ ከ1391 የመጣ ነው፤ ለሲቪሉ ወፍ፣ ለጦሩ አውሬ። በቺንግ ሦስተኛ ማዕረግ የነበረ የሲቪል ሹም ጣዎስ ሲለብስ፣ አቻው የጦር አለቃ ነብር ይለብስ ነበር።

በ1912 ዙፋኑ ወደቀ። በ1914 ፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይ በሰማይ ቤተ መቅደስ መሥዋዕት ሊያቀርብ ሲወጣ፣ ለሥርዓቱ የተሰፋው አዲስ ልብስ እነዚያኑ 12 ምልክቶች ይዞ ነበር። የፈረሰኛው ጠባብ እጅጌ ግን ቀርቶ፣ በቦታው ሰፊው ተመልሷል።