ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ፦ የዓድዋ መታሰቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኢያሱ ወልደ ነዌ ሕዝበ እስራኤልን ይዞ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ፣ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች ተነሥተው በጌልገላ ቆሙ። ይህም የሆነው ልጆች ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች የእግዚአብሔርን ማዳን ይነግሯቸው ዘንድ ነው። በአዲስ አበባ አራዳ የሚገኘው የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ለእኛ እንዲህ ያለ መታሰቢያ ነው።

የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ ነበር። ቀኑ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነው፤ ታቦቱም ከሠራዊቱ ጋር ዘምቷል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለድሉ መታሰቢያ ባለ ስምንት ማዕዘኑን ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ። በሥራውም በዓድዋ የተማረኩ ጣልያናውያን ተሳትፈዋል። ሊወጋን የመጣው እጅ የጸሎት ቤት ሠራ። በኋላም ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዘውድ ጭነዋል።

ፋሺስት ኢጣልያ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ግን ይህ መታሰቢያ ከጥፋት አልተረፈም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በእሳት ተቃጠለ። የዓድዋ ድል 41ኛ ዓመት ሊሞላ የቀሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሕንጻው ታደሰ፤ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችና ባለ ቀለም መስታወቶችም ዛሬ ውስጡን አስጊጠውታል።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ እሳቱ ሕንጻውን ቢጎዳም መታሰቢያውን ያላጠፋው ለምንድን ነው? መታሰቢያው በግንብ ብቻ የቆመ ስላልሆነ ነው። በየወሩ በ23 ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ማኅሌት ይቆማል፣ የሰማዕቱ ተጋድሎ ይነገራል። አፄ ምኒልክ ለድላቸው ቤተ ክርስቲያን ማሳነጻቸው ድሉ ከእግዚአብሔር መሆኑን መመስከራቸው ነው። እንግዲህ የካቲት 23 ቀን ለበዓሉ ወደ አደባባዩ የምንወጣ ሁሉ፣ ፊት ለፊት ወዳለው ደጀ ሰላም ገብተን እንሳለም፤ ለወደቁት አባቶችና እናቶች እንጸልይ። ታናናሾቻችን ስለዚህ ቤት ሲጠይቁን የምንመልሰው ይኑረን።

የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።