ጥራት ስንት ያወጣል?

ቴሌቪዥን ሻጩም ዲሽ ገጣሚውም የጥቅል አስተዋዋቂውም አንድ ቃል ይደጋግማሉ፤ «ጥራት»። «ኤችዲ» ምን ማለት እንደሆነ ለጠየቀ ገዢ «ጥራቱ ከፍተኛ ነው» ይሉታል፤ እሱም እንደገባው ራሱን ይነቀንቃል። ከሳተላይት ለሚወርድ ባለ ከፍተኛ ጥራት ሥርጭት በየወሩ ብር ማውጣት ያዋጣል ወይ? ግማሹ መልስ እዚሁ ቃል ውስጥ የተቀበረ ይመስለኛል። ጥራት በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ ገበያው ደግሞ አንዱን እያሳየ ሌላውን ይሸጣል።

ሥሩ የግእዙ «ጸረየ» ነው፤ ነጻ፣ ጠለለ፣ ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። «ወርቅ ጽሩይ» ሲባል ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ወርቅ ነው። ግእዝ በ«ጸ» የሚጀምራቸውን ብዙ ቃላት አማርኛ ወደ «ጠ» ይገፋቸዋል፤ ጸጉር ጠጉር፣ ጸበል ጠበል እንደሚባለው። በዚሁ መንገድ «ጸረየ» «ጠራ» ሆነ፣ «ጽሩይ» ደግሞ «ጥሩ»። (አንድን ሰው በስሙ «ጠራ» የምንለው ሌላ ነው፤ እሱ «ጸርኀ»፣ ጮኸ፣ ከሚለው የመጣ ነው። ሁለት የተለያዩ ሥሮች አማርኛ ላይ ሲደርሱ አንድ ድምፅ ሆነው ተገናኙ።)

ጠራ መጀመሪያ የዓይን ቃል ነው። የሚጠራው ውሃ ነው፣ ሰማይ ነው፣ ጠላ ነው። ተቃራኒው ድፍርስ ነው፤ ለጠላ ሲሆን ጉሽ። ቆይቶ ግን ቃሉ ከዓይን ወደ ፍርድ ተሻገረ። ወሬ ይጣራል፣ ጉዳይ ይጣራል፣ ሒሳብ ሲጣራ የተጣራ ትርፍ ይወጣል፤ ለዓለም ዋንጫ የሚደረገውም ጨዋታ ማጣሪያ ነው። በመጨረሻ «ጥራት» ከመጥራት ጭራሽ ተላቀቀና የማንኛውም ዕቃ ደግነት መለኪያ ሆነ። ጥራት ያለው ጫማ ስንል ጫማው ጥርት ብሎ ይታያል ማለታችን አይደለም፤ ቶሎ አያልቅም ማለታችን ነው።

እንግዲህ «ከፍተኛ ጥራት ያለው ቴሌቪዥን» የሚለው አባባል የቆመው በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ነው። መሐንዲሱ ምስሉ ይጠራል ይላል። ገዢው የሚሰማው የሚታየው ነገር ጥሩ ነው የሚለውን ነው። አሰልቺ ድራማ ኩልል ብሎ ቢታይ አሰልቺነቱ ነው የሚጎላው፤ ጎል የገባበትን ቅጽበት ግን በድፍርስ ምስል እንኳ ማንም አይስተውም።

እንግሊዝኛው ይህ መንታነት የለበትም። «ኤችዲ» የ«ሃይ ዴፊኒሽን» ምህጻር ነው፤ «ዴፊኒሽን» የሚወጣው ከላቲኑ «ፊኒስ»፣ ወሰን፣ ዳርቻ፣ ነው። የመነጽርና የካሜራ ሰዎች የአንድ ነገር ጠርዝ ከአጠገቡ ካለው ተለይቶ መታየቱን በዚህ ቃል ጠሩት። እዚያ ነገሩ ድንበር መከለል ነው፣ እኛ ዘንድ ደለል ማዝቀጥ። የአማርኛው አተረጓጎም ለጆሮ የተሻለ ይጥመኛል፤ ለኪስ ግን የእንግሊዝኛው ይሻላል፣ ምክንያቱም ድንበር ይቆጠራል።

የሚቆጠረው ደግሞ መስመር ነው። «ከፍተኛ» የተባለውም ቁጥር ሲንሸራተት የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በሎርድ ሴልስደን የሚመራው የእንግሊዝ ኮሚቴ ባቀረበው ሪፖርት፣ ሥርጭት «ሃይ ዴፊኒሽን» ለመባል ከ240 መስመር ማነስ የለበትም አለ። በዓመቱ፣ በ1936፣ ቢቢሲ ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ሥርጭቱን ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት የጸናው ባለ 405 መስመሩ አሠራር በጊዜው ቋንቋ «ከፍተኛ» ነበር። ዛሬ ተራ ወይም ኤስዲ የሚባለውና እንደ ድፍርስ የሚቆጠረው ምስል 576 መስመር አለው። የቢቢሲን የያኔ ተመልካች ብናስነሳው በእኛ ተራ ምስል አፉን ይዞ ይቀር ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሲጀምርም ስለ ጥራት ያጉረመረመ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ተአምሩ ራሱ ሳጥኑ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ተራው ምስል በወርድ 720፣ በቁመት 576 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 414,720። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥብ ነው። አምስት እጥፍ። በወረቀት ላይ ሲታይ ማንንም ያማልላል። ዓይን ግን የራሱ ወሰን አለው፤ ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ያህል ነው። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁመት ለ1080 መስመር ሲካፈል፣ መስመሮቹን ለይቶ ለማየት ከማያው በ1 ሜትር ከ30 አካባቢ መቀመጥ ያስፈልጋል። 2 ሜትር ተኩል ሲደረስ የ576ቱም መስመሮች መዋሐድ ይጀምራሉ። ሳሎኑ ግድግዳውን ተደግፎ በተቀመጠ ሶፋ የተሞላ፣ ቴሌቪዥኑም 32 ኢንች የሆነ ቤተሰብ ለነጥቦቹ ብዛት ቢከፍል የማያየውን ነው የሚገዛው። ማያው 55 ኢንች ሲሆን ግን በ3 ሜትር ርቀት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ኢንች ካልን አይቀር፣ ይህ ቃል አገር ቤት ዘመድ አለው። ላቲኖች የአንድ ነገር አሥራ ሁለተኛ ክፍል «ኡንኪያ» ነው የሚሉት። የጫማ ርዝመት አሥራ ሁለተኛው እንግሊዝ አገር ሲደርስ ኢንች ሆነ። የክብደቱ ኡንኪያ ደግሞ በግሪክና በዓረብኛ በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ የወርቅ መመዘኛው ወቄት ሆኖ ገባ። ቴሌቪዥን በኢንች የሚገዛና ወርቅ በወቄት የሚያስመዝን ሰው ሳያውቀው በአንድ ቃል ነው የሚገበያየው።

ከሒሳቡ በፊት መታየት ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ገመዱ። በየቤቱ ሪሲቨርን ከቴሌቪዥን የሚያገናኘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ኬብል ኤችዲ አያሳልፍም። ለባለ ከፍተኛ ጥራት ጥቅል እየከፈሉ በቢጫው ገመድ ማየት፣ ጠላውን አጥልሎ መልሶ ከአተላው ጋር መቀላቀል ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ነው የሚያስፈልገው። ዴኮደሩ ኤችዲ መሆኑ፣ የሚታየው ቻናል ኤችዲ ሆኖ መሰራጨቱና ቴሌቪዥኑ ኤችዲ መሆኑም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሻጭ ግን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠራቸው።

ጣሪያ ላይ ስንወጣ የሚጠብቀን ዲሽ ነው። የግሪክ ስፖርተኞች የሚወረውሩት «ዲስኮስ» ወደ ላቲን «ዲስኩስ» ሆኖ ገባ፤ ከዚያ እንግሊዝኛው ለሳህን «ዲሽ»፣ ለጽሕፈት ጠረጴዛ «ዴስክ» አወጣበት፤ ጀርመኖች ገበታን «ቲሽ» አሉት። አማርኛ ዲሽን ለጣሪያው ብቻ ወሰደና ጓዳውን ለሳህን ተወለት። ሳህን ራሱ ከዓረብኛው «ሰሕን» ጋር የሚገጥም ነው፤ ለቅዳሴ ኅብስቱ የሚቀመጥበት የግእዙ «ጻሕል» ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ግብፆች ሰሕን እያላቸውም ለጣሪያው ዲሽ ነው የሚሉት። ምግብ የሚቀርብበትና ሥርጭት የሚቀዳበት ዕቃ ስማቸው እንዳይደበላለቅ የፈለጉ ይመስላል።

ሳተላይት የሚለው ቃል የበለጠ ታሪክ አለው። በላቲን «ሳቴሌስ» የሹም አጃቢ፣ ጋሻ ጃግሬ ነው። ጋሊሊዮ በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት አካላት ካየ በኋላ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ባሳተመው ጽሑፍ በዚህ ስም ጠራቸው፤ ከጌታቸው የማይለዩ አሽከሮች ናቸውና። አማርኛ ለጠፈር ተጓዡ ዕቃ «መንኮራኩር» የሚል ቃል ነበረው፤ ግእዙ መንኰራኵር ሕዝቅኤል በራእዩ ያየው ዓይነት ጎማ፣ የሚሽከረከር ነገር ነው። ለቴሌቪዥኑ ሳተላይት ግን ስሙ አይገጥምም ነበር፤ ከታች ለሚያየው ሰው አይሽከረከርምና። ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የተሰካ ነው የሚመስለው። ዲሽ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚታሰረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከዓረብሳት ወደ ናይልሳት፣ በኋላም ኢትዮሳት ወደተባለው መድረክ ሲሸጋገሩ «ዲሽ ማዞር» የሚለው አባባል ራሱን የቻለ የእንጀራ ስም ሆነ። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ኢትዮሳት ደግሞ ኤስኢኤስ በተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ሳተላይት ላይ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ። ለአዲስ አበባ ጣሪያ ይህ ማለት ወደ ምዕራብ ያጎነበሰው ዲሽ ጀርባውን አዙሮ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ያውም አንገቱን ቀና አድርጎ ማየት አለበት ማለት ነው። ለከፋዩ ጉዳይ ትልቁ ቁምነገርም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ያለ ወርሃዊ ክፍያ፣ በኤችዲ ጭምር፣ ከዚህ ይወርዳሉ። ሪሲቨሩና ዲሹ አንዴ ከተገዙ የጠራ ምስል በነጻ አለ። ስለዚህ የክፍያ ቴሌቪዥን ለጥራት ነው የምከፍለው የሚል ሰው የሚከፍለው ለሌላ ነገር መሆኑን ሳያስተውል ቀርቷል።

የሚከፍለው ለእግር ኳስ ነው። ለፊልምና ለልጆች ፕሮግራም የሚከፍልም አለ፤ ያለ ኳሱ ግን ዲኤስቲቪ በኢትዮጵያ ይህን ያህል ስም ባላወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ የተጀመረው የዲጂታል ሳተላይት ቴሌቪዥን አገልግሎት ስም እኛ ዘንድ የቤት ስም ሆኗል፤ «ዲኤስቲቪ ቤት» ማለት አግዳሚ ተደርድሮ፣ ጥቂት ብር ተከፍሎ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚታይበት አዳራሽ ነው።

ይህ አዳራሽ «ከፈለ» የሚለውን ግስ ወደ ሥሩ ይመልሰዋል። በግእዝ ከፈለ ማለት ለየ፣ አካፈለ፣ ድርሻ ሰጠ ነው። ክፍል፣ ክፍለ ዘመን፣ ክፍለ ጦር፣ ሁሉም ከአንድ ሙሉ የተቆረሱ ናቸው። ገንዘብ መስጠት የሚለው ፍቺ አማርኛ ውስጥ የጎላው፣ ዕዳ ያለበት ካለው ላይ ቆርሶ የባለመብቱን ድርሻ ስለሚያስረክብ ሳይሆን አይቀርም። ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ሲከፍል ይካፈላል፤ አንድ ዴኮደር፣ አንድ ትልቅ ማያ፣ የመቶ ሰው ጩኸት። ማያው ትልቅ ስለሆነም ኤችዲው እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው ከሳሎን ይልቅ እዚያ ነው። በሳምንት አንድ ጨዋታ ለሚያይ ሰው ቤት ውስጥ ዴኮደር ከመትከል ይህ ይረክሰዋል፤ ልጆች ያሉት፣ ማታ መውጣት የማይወድ፣ ቅዳሜና እሑድ ሦስት አራት ጨዋታ የሚያሳድድ ሰው ሒሳቡ ይለያል።

መልቲቾይስ ለኢትዮጵያ ያወጣቸው የጥቅል ስሞች ለቃል አፍቃሪ ደስ ይላሉ። ትንሹ «ጎጆ» ነው፤ ጎጆ የወጣ አዲስ ተጋቢ የሚጀምርበት። ቀጥሎ «ቤተሰብ»፤ ግእዙ «ቤተ ሰብእ»፣ የሰው ቤት። «ሜዳ» ኳሱን ያመጣል። አቦል የተባለው የአማርኛ ቻናልም ስሙን የወሰደው ከቡናው የመጀመሪያ ስኒ፣ ያም ከዓረብኛው «አወል»፣ አንደኛ፣ ነው። ከላይ ሲደረስ ግን አማርኛው ያልቅና «ፕሪሚየም» ይመጣል። ላቲኑ «ፕሬሚየም» ሽልማት፣ ምርኮ ነበር፤ አሸናፊ የሚቀበለው። ዛሬ ተመልካቹ ነው የሚከፍለው። ከ«ፕሪሚየር» ሊግ ጋር ቢመሳሰልም የቅርብ ዘመዱ አይደለም፤ ያኛው «ፕሪሙስ»፣ አንደኛ፣ ከሚለው ነው።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ለኤችዲ ብሎ የወር ክፍያ መግባት አያስፈልግም፤ ለጨዋታው የሚከፍል ግን ማያው ከ40 ኢንች በላይ ከሆነ ኤችዲውን አይተው። ክረምት ላይ ደግሞ ነገሩ ራሱን ይፈታል። ከባድ ዝናብ የሳተላይቱን ሞገድ ይውጠዋል፤ ምስሉ ይቆራረጥና ሲግናል የለም የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ሰማዩ ካልጠራ ምስሉም አይጠራም። የእንግሊዙ ሊግ ግንቦት ላይ ተዘግቶ የሚከፈተው ነሐሴ ላይ ነው፤ ክፍያው የወር ስለሆነ ሰኔንና ሐምሌን መዝለል ይቻላል፤ የዓለም ዋንጫ ያለበት ክረምት ካልሆነ በቀር።