ነጠላው ከማን ጋር ይቋጠር?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ንጉሡ አይከሰስ እንጂ ሌላው ሰው ሁሉ ይከሰስ ነበር፤ ያውም ያለ ብዙ ወጪ። መንገድ ላይ ከተጣሉት ሁለት ሰዎች አንዱ «በሕግ አምላክ!» ሲል ሌላው ካለበት ንቅንቅ አይልም። የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠርና ሁለቱ ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛ ሩቅ ከሆነም አላፊ አግዳሚው ተለምኖ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ የመንገድ ዳኛ ይሆናል። ቋጠሮው እኮ ጨርቅ ነው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ በጥሶት መሄድ ይችላል። የሚይዘው ይሉኝታ ነው፤ በጥሶ የሄደ ሰው በአገር ፊት ስሙ ይጠፋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ተከሳሹ ሰው ሳይሆን ኩባንያ ሲሆን፣ ያውም ባለቤቱ ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያ ሲሆን፣ ነጠላው ከማን ጋር ይቋጠራል?

ለእኛ ለአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ጥያቄው የቆየ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮች ባቡር በ1917 አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል ነው። (ዘመናቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የምጽፈው የአገር ውስጡና የውጪው ሰነድ እንዳይምታታብን ነው።) ሐዲዱን ተከትሎ ፋብሪካው መጣ። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ በ1960 ገደማ ሲቋቋም ከሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ጋር በሽርክና ነበር፤ ስሙም ኢንዶ-ኢትዮጵያ ይባል ነበር። በዚያ ዘመን ቅሬታ ያለው ሠራተኛ ምን ያደርግ ነበር? ሥራ አስኪያጁን ደጅ ይጠናል፤ ካልሆነለትም አቤቱታውን ይዞ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ይጓዛል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3318 እስከ 3324 ስለ ማስታረቅ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ሸማኔ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ይህን አንቀጽ ይዞ አሠሪውን ለእርቅ የሚጠራበት አቅም አልነበረውም። ለሠራተኛው በሩ በመጠኑ የተከፈተው በ1962 በወጣው ድንጋጌና በ1963 በወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ነው። ማኅበር መመሥረት ተፈቀደ፤ የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ የሚያይ ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1963ም የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ቆመ።

ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ቦርዱ የሚያውቀው እዚህ ያለውን ሥራ አስኪያጅ ነው። የደመወዝና የስንብት ጉዳይ ከእርሱ ጋር ሊያልቅ ይችል ይሆናል፤ ዋናው ውሳኔ የሚሰጠው ግን ሌላ አገር ነው። አንዳንዱ በደል ደግሞ በአንድ ወር ወይም በአንድ ዓመት የሚታይ አይደለም። የአቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ ውኃውን ተከትለን ወንጂ ብንወርድ ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል።

ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ የነበረው የእርሻ ዘመን ሲመሽበት በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በ1954 የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ከፈተ። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ብዙ ሰው አገዳ ሊቆርጥ መጣ። ኩባንያው በሠራቸው ሠፈሮች የሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ግን ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። በመጀመሪያ የልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ። ቀጥሎ፣ ከአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የጠጣው ሰው አከርካሪ ይደርቅና ይጎብጥ ጀመር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የመሳሰሉ ሐኪሞች ጉዳዩን አጥንተው በ1980ዎቹ ጽፈውበታል።

እዚህ ላይ ፍርድ ማዛባት አልፈልግም። ፍሎራይዱ የመሬቱ ነው፤ ኩባንያው አልጨመረበትም። ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ሠፈሩን ሠርቶ፣ ሰውን ከደጋ አምጥቶ ያሰፈረው ግን ኩባንያው ነው። ጥፋቱ እንዲህ የተቀላቀለበት ነገር ለፍርድ ቤት ያስቸግራል፤ ለሽማግሌ ግን የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ሽማግሌ «ማን አጠፋ?» ከማለቱ በፊት «ምን ይደረግ?» ማለት ይችላል። የወንጂ ሰው ወገቡን ይዞ ሲነሳ ግን የሚቀመጥለት ሽማግሌም የሚቆምለት ተከሳሽም አልነበረም። በየካቲት 1975 ደርግ 72 ኩባንያዎችን ሲወርስ ኤች.ቪ.ኤ. አገዳውን ትቶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ባለቤት መንግሥት ሆነ፤ መንግሥትን ማን ይከሳል? ዞረን ወደ ሰማይና ወደ ንጉሡ ተመለስን።

የሚገርመው ውርሱ ከታወጀ 17 ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ 1976፣ ፓሪስ ላይ አንድ ሰነድ ጸደቀ። የአሜሪካው አይ.ቲ.ቲ. በቺሊ ፖለቲካ እጁን አስገብቶ ዓለምን ካሳዘነ በኋላ፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል የሆኑት ሀብታም አገሮች ኩባንያዎቻቸው በሰው አገር እንዴት መሥራት እንዳለባቸው መመሪያ አወጡ። ለብዙ ዓመት መልካም ምኞት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በ2000 ሲሻሻል ግን እያንዳንዱ ፈራሚ አገር አቤቱታ የሚቀበል ተጠሪ ጽሕፈት ቤት በቅጡ እንዲያደራጅ ተደረገ፤ በ2011 ስለ ሰብአዊ መብት ምዕራፍ ተጨመረበት። አሠራሩ የመንገድ ዳኛን ያስታውሰኛል። ሠራተኛ ይሁን ማኅበር ወይም የመንደር ነዋሪ፣ ያለ ጠበቃና ያለ ዳኝነት ክፍያ ያመለክታል። ጽሕፈት ቤቱ ነገሩ መሠረት አለው ካለ ሁለቱን ወገኖች ለድርድር ይጠራል። ኩባንያው አልመጣም ቢል ፖሊስ አይልክበትም፤ ቢታረቁም ባይታረቁም ግን የሆነውን ጽፎ ለዓለም ያወጣዋል። ነጠላው እንግዲህ የኩባንያው ስም ነው።

ይይዛል ወይ? ሁለት ጉዳዮች ላንሳ።

የመጀመሪያው የኮንጎ ነው። ከ1999 እስከ 2003፣ ምሥራቅ ኮንጎ በአማፂያን እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ቡካቩ ከተማ ካለው የብራሊማ ቢራ ፋብሪካ 168 ሠራተኞች ተሰናበቱ። ብራሊማ የሆላንዱ ሄኒከን ኩባንያ ነበር። እንደ አቤቱታቸው፣ ስንብቱ ሕግን ያልጠበቀና ከአማፂያኑ ባለሥልጣናት ጋር በመመካከር የተፈጸመ ነበር። ዓመታት አለፉ። በታኅሣሥ 2015 ሦስት ሰዎች የ168ቱ ተወካይ ሆነው ለሆላንድ ተጠሪ ጽሕፈት ቤት አመለከቱ። ድርድሩ ካምፓላና ፓሪስ ላይ ተካሄደ፤ በነሐሴ 2017 ተስማሙ። ለሠራተኞቹ ገንዘብ ተከፈለ፤ መጠኑ በይፋ አልተነገረም። ሄኒከን በግጭት አካባቢ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ፖሊሲ ለማውጣትም ቃል ገባ።

ሁለተኛው የእኛው ነው። የጊቤ ሦስትን ግድብ የሠራው የጣሊያኑ ሳሊኒ ነው። ከፍታው 243 ሜትር የሆነው ይህ ግድብ በ2016 መጨረሻ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ሰርቫይቫል ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት፣ የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች ሳይጠየቁ በጎርፍ የሚያርሱት መሬት ደረቀባቸው ብሎ ለሮማው ተጠሪ ጽሕፈት ቤት አመለከተ። ጉዳዩ በ2017 ስምምነት ሳይደረስበት ተዘጋ።

ለምን አንዱ ተሳካ፣ ሌላው ከሸፈ? በእኔ ግምት ነገሩ ከገበያው ጋር የተያያዘ ነው። ቢራ የሚሸጠው በስሙ ነው፤ ጠጪው ጋዜጣ ያነባል፤ ስሙ ከተበላሸ ሌላ ጠርሙስ ያነሳል። ግድብ የሚገዛው ግን መንግሥት ነው፤ ያ መንግሥት ደግሞ የኦሞን ሰው አቤቱታ እንደ ልማት ጠላትነት ይቆጥር ነበር። በኮንጎው ጉዳይ የተበደሉት ራሳቸው ተወካይ መርጠው ተቀምጠዋል፤ በኦሞው ግን ስለ እነርሱ የተናገረው የውጭ ድርጅት ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ቢጠየቁ፣ ባለጉዳዩ የሌለበት እርቅ እንደማይሰምር ይነግሩን ነበር።

ወደ ሠፈሬ ልመለስ። ሄኒከን በ2011 የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከመንግሥት ገዛ፤ ከዚያም እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ ዋልያ ቢራ የሚጠመቅበትን ትልቅ ፋብሪካ ሠራ። የቂሊንጦው ፋብሪካ እንዲህ አጠፋ ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። የምለው፣ የቡካቩ ሠራተኞች ያንኳኩት በር ለቂሊንጦ ሠራተኛም ክፍት ነው። ኢትዮጵያ መመሪያውን አልፈረመችም፤ ከአፍሪካ ግብፅ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ ፈርመው የራሳቸው ጽሕፈት ቤት አላቸው። የእኛ ሰው ግን ኩባንያው ወደተነሳበት አገር፣ ወደ ሔግ፣ መጻፍ ይችላል። ደብዳቤው ማን እንደጻፈው፣ የትኛው ኩባንያ ምን እንዳደረገ፣ የትኛው የመመሪያው ክፍል እንደተጣሰና ምን መፍትሔ እንደሚፈለግ መግለጽ አለበት። በአማርኛ ብቻ ጽፎ መላክ ግን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

አገር ውስጥም የ2019ኙ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አስማሚን ያውቃል፤ በ2021 ደግሞ ስለ ግልግል ዳኝነትና ስለ ዕርቅ አዋጅ ቁጥር 1237 ወጥቷል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። የቡካቩ ሰዎች ሲያመለክቱ ከሥራ ከወጡ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ የሚቀማቸው ነገር አልነበረም። ነገ ጠዋት ካርዱን አሳይቶ በር የሚያልፍ ሰው ግን ስሙን ከደብዳቤው ግርጌ ከማስፈሩ በፊት ልጆቹን ይቆጥራል። ጽሕፈት ቤቶቹ የአመልካችን ማንነት ከኩባንያው የሚደብቁበት ሁኔታ ቢኖርም፣ ለድርድር መቀመጥ ሲመጣ ፊትን መሸፈን አይቻልም፤ ነጠላ ሲቋጠር ሁለቱም ጫፍ ይታያል።