ስለ መንዝ ድሪቶ

የመንዝና የግሼ ደጋ በብዙ ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ብርዳም አገር ነውና፣ ልብስ አረጀ ተብሎ በቶሎ አይጣልም ነበር። የበግ ጠጕር እዚያው ስለሚገኝ ሴቶች ይፈትሉታል፤ ባናም ይሸመንበታል። ጥጥ ግን ደጋ ላይ ስለማይበቅል ከይፋት ቆላ በገበያ ይወጣል፤ ስለዚህ እጅግ ይቆጠብ ነበር። ጋቢ ከመካከሉ ሲነትብ ደኅና የቀረው ጠርዝ የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያም የጠላ ማጥለያ፣ በመጨረሻም የኩራዝ ክር ይሆናል።

የባናው ዕድል ሌላ ነበር፤ በሳሳው ስፍራ እራፊ ይደረትበታል። ደረተ ማለት ጨርቅን በጨርቅ ላይ ደርቦ ሰፋ ማለት ነው፤ ድሪቶ የሚለውም ስም ከዚሁ የወጣ ነው። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የውጭ ጨርቅ በየገበያው ሲበዛ፣ አቡጀዲና ካኪ ከባናው ጋራ በአንድ ድሪቶ ላይ ተገናኙ። የንግድን ታሪክ የሚመረምር ሰው ከገበሬ ቤት ከዚህ የተሻለ መዝገብ የሚያገኝ አይመስለኝም። ዛሬ ጸሓፍያን ያልተዋሐደውን ድርሰት «ድሪቶ» እያሉ ይነቅፉታል፤ ይህ ግን በሠሪው ላይ ግፍ ነው፤ የመንዙ ድሪቶ ያሞቅ ነበርና። በየቤተ መዘክሩ የሚታየው የክብር ካባ ነው፤ ድሪቶ እስኪያልቅ ድረስ ስለሚለበስ ለመስታወት ሣጥን የሚተርፍ ነገር የለውም።