አዲሱን ተማሪ መናኸሪያ ላይ የሚቀበለው ማን ነው?

የዩኒቨርሲቲ ሕይወት የሚጀምረው ክፍል ውስጥ ሳይሆን መናኸሪያ ላይ ነው። ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ የሚወርደው አዲስ ተማሪ፣ በግቢ ቋንቋ "ፍሬሹ"፣ ከተማውን አያውቅም። አንዳንዴ ቋንቋውንም አያውቅም። ያን ሰዓት "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎ ሻንጣውን የሚቀበለው፣ ምዝገባው የት እንደሆነ የሚነግረው፣ ዶርሙ ድረስ የሚሸኘው ነባር ተማሪ ነው። ነባሩም ብዙ ጊዜ ለብቻው አይመጣም። ከግቢ ጉባኤ፣ ከሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ፣ ከፌሎሺፕ ወይም ከአንድ አካባቢ ልጆች ስብስብ ጋር ነው የሚመጣው።

ሥራው የሚመሰገን ነው። ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተለየ ልጅ ያች ቀን ከባድ ናት። ነገር ግን መዘዝ አለው። መናኸሪያ ላይ የተገኘው ወዳጅ ካፌም አብሮ ይገባል፣ ላይብረሪም አብሮ ይቀመጣል። ወዳጅነቱ የሚጀምረው ተማሪው ከቤቱ ይዞት በመጣው መስመር፣ በእምነቱ ወይም በትውልድ ቦታው ነው። የሁሉም ቤት መሆን የሚገባው ዩኒቨርሲቲ ግን በዚያች ሰዓት ብዙ ጊዜ በቦታው የለም።

ለመሆኑ የማይተዋወቁ ወጣቶችን እርስ በርስ የሚያስተሳስረው ምንድን ነው? አብሮ መኖር ብቻ ነው? ጨዋታና ዝማሬ ነው? የወሎ ምድር ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አላት። መልሱን ለማግኘት ወደ ግሸን መውጣት ያስፈልጋል።

◆ አንድ አምባ፣ ሁለት ታሪክ

ግሸን ደብረ ከርቤ በደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዐፄ ዳዊት ደክመው ያስመጡትን ግማደ መስቀል ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚህ እንዳስቀመጡት ይነገራል። ታሪኩም መጽሐፈ ጤፉት በተባለው መጽሐፍ ሰፍሯል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከመላ ሀገሪቱ ብዙ ሕዝብ ለመሳለም ይወጣል። ከተሳላሚዎቹ መካከል በየግቢ ጉባኤያቸውና በየጉዞ ማኅበራቸው ተደራጅተው የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ።

የጉዞውን ሥርዓት የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ ከበሮው ይመታል፣ መዝሙሩ ይጀመራል። ቆሎው፣ በሶውና ዳቦው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በመሀል ጥያቄና መልስ አለ፤ ዝም ያለ ሁሉ ተነስቶ ስሙንና የሚማረውን ይናገራል። ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ ዝማሬው ይቀንስና ሥራው ይመጣል። ጠንካራው የደካማውን ቦርሳ ይይዛል፤ ውኃ ያለው ለሌለው ያካፍላል። ከላይ የሚወርዱት የሚወጡትን "አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል" ይሏቸዋል። አልደረሱም፤ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ያበረታል። ሌሊት ብርዱ ሲመጣ አንድ ጋቢ ሁለትና ሦስት ሰው ያለብሳል። ከዚያ ጉዞ የተመለሱ ልጆች ግቢ ውስጥ እንደ ወንድምና እህት ቢተያዩ አይገርምም።

ይህ ተራራ ግን ሌላም ዓይነት ወጣቶችን ሰብስቧል። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ እስከ 1540 እ.ኤ.አ. ድረስ አምባው የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነበር። ዙፋን ሊሻ የሚችል ልዑል ሁሉ ወደዚያ ይወጣል፤ ንጉሥ ሲሞት ከመካከላቸው አንዱ ይወርዳል። ዘርዐ ያዕቆብ በ1434፣ ናዖድ በ1494 እ.ኤ.አ. ከዚያ ወርደው እንደነገሡ ይነገራል። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአምባውን ጥበቃ ጥብቅነት ጽፏል። ከላይ ደብዳቤ ይዞ ወጣ የተባለ መነኩሴ ምን ያህል እንደተገረፈም ተርኳል። ወሬው አውሮፓ ደርሶ ተረት ሆነ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1667 የአማራን ተራራ ከገነት ጋር አነጻጽሮ ጠቀሰው፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ ራሴላስ የጻፈው ልብ ወለድም መነሻው የታሰሩት የሐበሻ መሳፍንት ናቸው።

መሳፍንቱም ወጣቶች ነበሩ። አንድ ማዕድ በልተዋል፣ አንድ ጣሪያ ሥር አድረዋል፣ ደምም ያገናኛቸዋል። ነገር ግን አብሮ መኖራቸው የታቀደው እንዲዋደዱ ሳይሆን እንዲጠበቁ ነው። በሩ ዝግ ነው፤ ወራጁም አንድ ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ዕድል የሌላው ተስፋ መቁረጥ ነው። አምባው በ1540 በግራኝ አሕመድ ጦር እጅ ከወደቀ በኋላ ሥርዓቱ ቢቋረጥም፣ የጎንደር ነገሥታት በወህኒ አምባ መልሰው ጀመሩት።

ሁለቱን ሲያስተያዩት ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንድ ቦታ መታጎር ወዳጅነትን አይወልድም። ተሳላሚዎቹን ያስተሳሰራቸው በአንድ ተራራ ላይ መገኘታቸው ሳይሆን፣ ዳገቱን ያለ ሌላው እርዳታ መውጣት አለመቻላቸው ነው።

◆ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ

ይህን አባቶች ያውቁት ነበር። ከግሸን ብዙ በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ትልቅ የትምህርት ማዕከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ተምረዋል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አገሩን ለቆ፣ መምህር ፍለጋ ከደብር ደብር ይዞር ነበር። አዲስ የመጣው የቆሎ ተማሪ ጎጆ ያለው ጓደኛ ያስጠጋዋል። በየመንደሩ ቁራሽ ሲለምኑ ውሻ አብረው ይከላከላሉ፤ ያገኙትን አንድ ላይ ይበላሉ። ሲመሽ ቅኔ ይቀኛሉ፣ እንካ ስላንትያ ይገጥማሉ፣ አንዱ በሌላው ይቀልዳል። አዲሱ ልጅ ቀልዱን ችሎ፣ መልሶም መቀለድ ሲጀምር ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

በዚያው በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም፣ በዳናና በጌታ፣ ከሩቅ አገር የመጣው ደረሳ ተመሳሳይ ሕይወት ይመራ ነበር። የሚያድርበት ጎጆ፣ የሚያበላው መንደርተኛ፣ የሚያስጠናው ነባር ደረሳ ነበረው። የቆሎ ተማሪውንም ሆነ ደረሳውን የሚያኖረው የማያውቀው ገበሬ ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአገሩ ሰው ጋርም ይተሳሰራል።

◆ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር

ዘመናዊው ትምህርት ይህን ሰንሰለት በጠሰው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪውን ከየጠቅላይ ግዛቱ አምጥቶ አንድ ግቢ አስገባው፤ አስተኛው፣ አበላው። ቁራሽ መለመን ቀረ። ከሕዝብ ጋር መገናኘትም አብሮ ቀረ።

ክፍተቱ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ ማገልገል ነበረበት። ብዙዎቹ የሀገራቸውን ገጠር ያዩት በዚያ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ፎቶግራፎች ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ሲታዩ የተነሳው ቁጣ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ተማሪው ገጠሩን በዓይኑ አይቶት የነበረ መሆኑ ነው።

ትልቁ ጉዞ የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲከፈት 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በአንድ ጣቢያ የሐረርና የጎጃም፣ የሸዋና የትግራይ ልጅ አብሮ አደረ፤ አብሮ አብስሎ፣ አብሮ አስተማረ። የዘመቻ ጓደኞች እስከ እርጅና ይፈላለጋሉ። ይሁንና ደርግ የፈለገው ተማሪውን ከከተማ ማራቅ ነው ብለው የጠረጠሩ ከመጀመሪያውም ነበሩ። ዘመቻው ካበቃ ብዙም ሳይቆይ የተማሪው ትውልድ በፓርቲ ተከፋፍሎ እርስ በርሱ ተጋደለ። መተሳሰሩ እውነት ነበር። ግን በትእዛዝ የተጀመረ፣ ከላይ ለሌላ ዓላማ የተፈለገ መተሳሰር ዕድሜው አጭር ሆነ።

በትእዛዝ የተሰበሰቡም ቢሆኑ የራሳቸውን ትስስር ሊፈጥሩ ይችላሉ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ሲል ተማሪዎችን ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ሰበሰበ። መንግሥት ወታደር ፈልጎ ነበር። ከዚያ ሰፈር አብረው ይጸልዩ ከነበሩት ልጆች መካከል ግን በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። ዛሬ መናኸሪያ ላይ የሚቆሙት የግቢ ጉባኤ ልጆች የዚያ ታሪክ ወራሾች ናቸው።

◆ የሌላው አገር ልማድ

በአሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ተማሪዎች ትምህርት ሳይጀመር በትንንሽ ቡድን ሆነው ለጥቂት ቀናት ወደ ጫካና ተራራ ይወጣሉ። የሚመሯቸው ነባር ተማሪዎች ናቸው። ሻወር የለም፤ ምግብ በጋራ ይበሰላል፤ ሁሉም የሚማረው አንድ አስቂኝ ጭፈራ አለ፤ የጉዞው መጨረሻ ሙሲላኪ በተባለ ተራራ ሥር ያለ የእንጨት ቤት ነው። ሌሎች ኮሌጆችም ይህን ልማድ ወስደዋል። ሲታይ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ግን ቡድኑ የሚደለደለው በኮሌጁ ነው፤ ልጁ ከማን ጋር እንደሚወጣ አይመርጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው ወዳጁ ከቤቱ ይዞት ከመጣው መስመር ውጭ ያለ ሰው የመሆን ዕድል አለው።

◆ ባዶው ቦታ

ኢትዮጵያ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል በእጇ ነበረ። ተማሪን ከመላ ሀገሪቱ ወደ መላ ሀገሪቱ ትደለድላለች። ልጆቹን አንድ ዶርም ካስገባች በኋላ ግን ሥራው ያለቀ ይመስላታል። ይህ የግሸን አምባ አስተሳሰብ ነው፤ አንድ ጣሪያ ሥር ካደሩ በቂ ነው የሚል።

በቂ አለመሆኑ በ2012 ዓ.ም. ታየ። በጥቅምት ወር መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሳ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ። ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የዚያ ዓመት አዲስ ገቢዎች በአዲስ የፍሬሽማን ሥርዓተ ትምህርት የጀመሩ ነበሩ። ስለ ብዝኃነት በክፍል ውስጥ ተማሩ፤ ማታ ዶርም ውስጥ ግን ተፈራሩ።

በእነዚያ ዓመታት ከተሞከሩት ነገሮች የሚጠቀሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ ነው። የከተማው ነዋሪ ከሩቅ የመጣን ተማሪ እንደ ልጁ ይቀበላል፤ በበዓል ይጠራዋል፣ ሲታመም ይጠይቀዋል። ይህ የቆሎ ተማሪውና የደረሳው አሮጌ መንገድ ነው። ተማሪው የሚያስፈልገው ሰው ከመስመሩ ውጭ ሲሆን፣ ያ ሰው እንግዳ መሆኑ ይቀራል።

የሃይማኖት ስብስቦች ሥራቸውን ይተዉ ማለት አይደለም። ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ ፍሬሽ መናኸሪያ ላይ ያለቅስ ነበር! የጎደለው የሁሉም የሆነው አቀባበል ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ለምሳሌ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎችን በዕጣ አሥር አሥር አድርጎ ሐይቅ ዳር ሁለት ቀን ቢያሳድር ምን ያህል ያስወጣዋል? እሳት አንድደው፣ የጾሙንም የሃይማኖቱንም ነገር አክብረው አብረው ያብስሉ። የኦሮሞው፣ የሲዳማው፣ የአማራው፣ የትግራዩ ልጅ የየራሱን እንቆቅልሽ ያምጣ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚኖርበት በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

መንገዱ ዛሬ ሰላም አይደለም ከተባለም፣ መናኸሪያው አለ። አራት ነባር ተማሪዎች፣ ከአራት አካባቢና ከተለያየ እምነት፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ በዩኒቨርሲቲው ስም ቢቆሙ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ የተማሪዎች ዲን ፊርማና የአውቶቡሶቹን መግቢያ ሰዓት ማወቅ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ፍሬሽ ሻንጣውን ለማን እንደሚያቀብል የሚወሰነው ከአሁኑ ነው።